የኢስትሊ ዋስ ጎግል ላይ ለምን አይታይም?

በናይሮቢው ኢስትሊ ዕቃ በዱቤ የሚያነሳ ነጋዴ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ያውቅሃል?» ተብሎ ነው። የሚጠራው ስም ክብደት ካለው ጨርቁም፣ ጫማውም፣ የስልክ ቀፎውም በቃል ይወጣል። ሰፈሩን ለዓመታት አጥንቶ በ2016 «ሊትል ሞጋዲሹ» የተባለ መጽሐፍ ያሳተመው አንትሮፖሎጂስት ኒል ካሪየርም ስለ ኢስትሊ ንግድ ሲጽፍ ለዚህ መተማመን ሰፊ ቦታ ይሰጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎግል ድረ ገጾችን ከላይ ወደ ታች የሚደረድርበት ዘዴም መነሻው ይኸው የዋስ ጉዳይ ነው። አንድ ድረ ገጽ አንባቢውን ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚመራ ሊንክ ሲያስቀምጥ ለዚያ ድረ ገጽ ዋስ እየሆነ ነው። በሙያው ቋንቋ ባክሊንክ የሚባለው ይህ ነው። ታዲያ በሰፈሩ ውስጥ ዋስ የማያጣው ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ድረ ገጽ ሲከፍት ለምን ፈላጊ ያጣል? ዋሱ ጠፍቶ አይደለም። ዋሱ የሚመሰክርለት ጎግል በማይገባበት ቤት ውስጥ ስለሆነ ነው። ክፍተቱን ያዩ ሊንክ ሻጮች ደግሞ ነጋዴውንም ሱቁንም የማያውቅ ሰው ዋስ አድርገው በዶላር እየሸጡ ነው። ይህ ገበያ ብዙ ሰው በላቡ ያገኘውን ገንዘብ የሚበላ ስለሆነ አሠራሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

ኢስትሊ በ1921 በቅኝ ገዢው አስተዳደር የተቋቋመ መንደር ነው። የሕንድና የሶማሌ ቤተሰቦች ከመጀመሪያው ጀምሮ ኖረውበታል። የዛሬውን መልኩን የያዘው ግን የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት በ1991 ከወደቀ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ደርግም ወድቆ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ተሰደዱና አማርኛና ኦሮምኛ በሰፈሩ ጎዳናዎች ይሰማ ጀመር። ጋሪሳ ሎጅ የተባለው ማረፊያ ቤት የዚያን ዘመን ታሪክ ይናገራል። ስደተኞቹ ሌሊት የሚያድሩበትን ክፍል ቀን ቀን ሱቅ አደረጉት፤ ዕቃው ከአልጋ ሥር እየተጎተተ ይሸጥ ነበር። ማረፊያ ቤቱ ቀስ በቀስ ወደ ገበያ ማዕከል ተለወጠ። ከዚያም አማል ፕላዛን የመሰሉ ሕንፃዎች ተከታትለው ተገነቡ፤ ዛሬ ሰፈሩ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኮንጎና ከደቡብ ሱዳን ሳይቀር ገዢ የሚመጣበት የጅምላ ገበያ ሆኗል። ከአልጋ ሥር የሚሸጥ ዕቃ በር ላይ የሚሰቀል ማስታወቂያ አልነበረውም። ገዢውን ያመጣው ከገዢ ወደ ገዢ የሚተላለፍ ቃል ነው።

ያ ቃል ዛሬ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በናይሮቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባሉበት የዋትስአፕ ወይም የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ በየቀኑ የሚደረገውን ዓይነት ልውውጥ ቀረብ ብለን እንየው። «እህቶች፣ ኢስትሊ ላይ የሐበሻ ቀሚስ አሳምሮ የሚሰፋ የምታውቁ?» ብላ አንዷ ትጠይቃለች። መልሱ ወዲያው ይጎርፋል። «እኔ ለሠርጌ ያሰፋሁባት አለች፣ በውስጥ አናግሪኝ።» «አንደኛ አቬኑ ላይ ያለችው አይደለች? ጎበዝ ናት፤ የላክሁሽ እኔ እንደሆንኩ ንገሪያት፣ ትቀንስልሻለች።» «ቁጥሯን በውስጥ ልኬልሻለሁ የኔ እናት።» በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ሦስት ዋስ ቆመላት። የምትሰፋው ሴት ማን እንደሆነች፣ ሥራው ለምን እንደሚመሰገን፣ ሱቁ የት እንደሆነ ሁሉም ተነግሯል።

ከዚያ በኋላ ግን ቃሉ ይጠፋል። የዋትስአፕ መልእክት የተመሰጠረ ስለሆነ ጎግል ድረ ገጾችን እየዞረ የሚያነብበት ፕሮግራም አያገኘውም፤ የግል ቴሌግራም ግሩፕም ዝግ ነው። ፌስቡክ ላይ በአደባባይ የተለጠፈ ሊንክ እንኳ ኖፎሎው የሚባል ምልክት አለበት፤ ትርጉሙም «ይህን እንደ ዋስትና አትቁጠረው» ማለት ነው። ምልክቱን ጎግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት በጃንዋሪ 2005 በጋራ ያወጡት በአስተያየት መስጫዎች ላይ ሊንክ እየለጠፉ የሚያጥለቀልቁ ሰዎችን ለመከላከል ነበር። ከ2019 ወዲህ ጎግል ምልክቱን እንደ ፍጹም ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ጥቆማ እንደሚወስደው አስታውቋል። ያም ሆኖ የፌስቡክ ሊንክን እንደ ጠንካራ ዋስ መቁጠር ሞኝነት ነው። በሚቀጥለው ወር ለሠርግ ከአዲስ አበባ ወይም ከሚኒያፖሊስ የመጣች ሌላ ሴት ያንኑ ጥያቄ ጎግል ላይ ስትጽፍ የሦስቱ ሴቶች ምስክርነት በዚያ የለም።

ጎግል ለምን ይህን ያህል በሊንክ ይተማመናል? ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1996 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባክረብ የተባለ የሙከራ የፍለጋ ሞተር ሲሠሩ፣ በጊዜው የነበሩት ሞተሮች በዋናነት የሚመዝኑት በገጹ ላይ ያለውን ቃል ነበር። «ጫማ» የሚለውን ቃል ደጋግሞ የጻፈ ከፍ ይል ነበር። ሁለቱ ተማሪዎች ከዚያ ይልቅ ሌሎች ስለ ገጹ የሚሉትን ለመስማት ወሰኑ። ሐሳቡ ከአካዳሚው ዓለም የመጣ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 ባሳተመው የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ የአንድ ጥናት ተሰሚነት በሌሎች ጥናቶች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ በመቁጠር ሊታይ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። ፔጅና ብሪን በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ወደ ድር አመጡት፤ ስሙንም ፔጅራንክ አሉት።

ሒሳቡ የኢስትሊ ጅምላ ሻጭ ያለ አስረጂ የሚገባው ነው። የእያንዳንዱ ገጽ ክብደት ወደ እሱ ሊንክ ካደረጉለት ገጾች ክብደት ይመነጫል። ሊንክ የሚሰጠው ገጽ ደግሞ ያለውን ክብደት ለሚጠቅሳቸው ሁሉ ያካፍላል። አራት ቦታ የሚጠቁም ገጽ ለእያንዳንዱ ሩቡን ይሰጣል፤ አራት መቶ ቦታ የሚጠቁም ገጽ ግን ከአራት መቶ አንዱን እጅ ብቻ ይሰጣል። ክብደቱም ሁሉ ወደ ሌላ አይተላለፍም፤ በዋናው ቀመር የሚተላለፈው 85 በመቶው ነው። ስለዚህ ለመጣው ሁሉ ዋስ የሚሆን ሰው ዋስትናው ዋጋ ያጣል፤ በጥንቃቄ የሚመሰክር፣ ራሱም የተመሰከረለት ሰው ግን አንድ ቃሉ ብዙ ያወጣል። ጎግል ዛሬ የሚጠቀምባቸው መመዘኛዎች እጅግ ብዙ ናቸው። የኩባንያው ባለሙያ ጋሪ ኢሊየስ በ2023 ሊንክ ከሦስቱ ዋና ዋና መመዘኛዎች አንዱ እንዳልሆነ ተናግሯል። ይህን ይዘው «ሊንክ ሞተ» ያሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የሊንክ ብዛት ሞቶ ይሆናል፤ ስም ካለው ቦታ የመጣ ጥቂት ሊንክ ግን በተለይ እንደ አማርኛ ባለ ሊንክ ባልበዛበት ቋንቋ አሁንም ገጽን ከጨለማ ያወጣል።

ሊንክ በአማርኛ ድር ላይ ለምን እንዳልበዛ የሚያስረዳ የራሱ ታሪክ አለ፤ የኢስትሊው ነጋዴ ችግርም የዚህ ታሪክ አንድ ቅርንጫፍ ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት ፊደሉ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ በኮምፒዩተር የሚጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል ሶፍትዌሮች ነበር። በነዚህ የተጻፈ ገጽ ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ኮድ ግን የላቲን ፊደላት ነው። አንባቢው ፎንቱን ካልጫነ የሚያየው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው፤ የፍለጋ ሞተሩም የሚያነበው ያንኑ ክምር ነበር። ሌሎቹ ጽሑፉን እንደ ምስል ወይም እንደ ስካን ፒዲኤፍ ይለጥፉት ነበር። ማይክሮሶፍት በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት አብሮ ሲያስገባ ነገሩ ቀለለ። እስከዚያ ድረስ ግን በአማርኛ የተጻፈ ብዙ ነገር ለጎግል እንዳልተጻፈ ነበር።

ሁለተኛው እንቅፋት መንግሥት ነው። በ2006 በኢትዮጵያ ውስጥ የተቃዋሚና የዲያስፖራ ድረ ገጾች መዘጋት ጀመሩ፤ ናዝሬት ዶት ኮምና ሳይበር ኢትዮጵያ ከተዘጉት መካከል ነበሩ። መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን ያስታወቀው በጁን 2018 ነው። በነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት አዲስ አበባ ላይ ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ወደ ተዘጋ ገጽ ሊንክ ቢያደርግ አንባቢውን ወደ ባዶ ይልከዋል፤ ራሱንም ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል። ሊንክ የሚሠሩት በዋናነት ጦማሪዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ሐሳብ እያነሳ፣ እየደገፈ፣ እየነቀፈ ሲጽፍ ሊንክ ያኖራል። በአፕሪል 2014 ዞን ዘጠኝ የተባለው የጦማሪዎች ቡድን ስድስት አባላትና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። የዓለም ድር በጦማር ሊንኮች በተሳሰረበት ዘመን የአማርኛው ድር ገና ሳይጎለምስ ተቀጨ።

ሦስተኛው እንቅፋት ከውስጣችን ነው፤ እሱን ለማረም የማንንም ፈቃድ መጠበቅ ስለሌለብን ይበልጥ ያሳዝነኛል። በአማርኛ ዜና ገጾች ላይ አንድ ዘገባ ከሌላ ተወስዶ ሲቀርብ ግርጌ ላይ «ምንጭ፦» ተብሎ የድርጅቱ ስም ይጻፋል። ስሙ ይጻፋል እንጂ ሊንኩ አይቀመጥም። አንባቢው ወደ ምንጩ እንዳይሄድብኝ ከሚል ስስት ይሁን ከልማድ፣ ውጤቱ አንድ ነው፤ ለፍቶ የዘገበው ዋስ ያጣል፣ የገለበጠው ደግሞ ከምንጩ በላይ ሆኖ ይታያል። ሊንክ ሲቀመጥም ብዙ ጊዜ «እዚህ ይጫኑ» በሚል ቃል ላይ ነው። ጎግል ሊንኩ የተለጠፈበትን ቃል አንብቦ የሚጠቁመው ገጽ ስለ ምን እንደሆነ ይገምታል። «በኢስትሊ የሱቅ ኪራይ አሠራር» የሚል ቃል ላይ የተለጠፈ ሊንክ የሚናገረው አለ፤ «እዚህ ይጫኑ» ግን ምንም አይናገርም። በዚህ ላይ የሰፈሩ ስም ኢስትሊ፣ ኢስትሌይ፣ ኢስሊ እየተባለ በየጸሐፊው ይለያያል። አንዱ አጻጻፍ ያለበት ገጽ ሌላውን ለጻፈ ፈላጊ ላይቀርብ ይችላልና የተለመዱትን አጻጻፎች በገጹ ላይ ማኖር ይጠቅማል።

እንግዲህ ሊንክ ሻጩ የሚመጣው በዚህ ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ምግብ ቤት፣ የጉዞ ወኪል ወይም የካርጎ ድርጅት ድረ ገጽ ከፍቶ ጥቂት ወራት ሳይሞላው በኢሜይልና በዋትስአፕ የሚደርሰው መልእክት በብዙ አገር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ያህል ባክሊንክ በዚህ ያህል ዶላር፣ ሁሉም «ዲኤ» አርባና ሃምሳ ካላቸው ድረ ገጾች ይባላል። ዲኤ ሞዝ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከ1 እስከ 100 የሚሰጠው ግምት ነው። የጎግል መለኪያ አይደለም፤ ጎግልም አይጠቀምበትም። ገንዘቡን የከፈለ ሰው የሚደርሰውን ገጽ ከፍቶ ማየት አለበት። በአብዛኛው የሚገኘው ስለ እግር ኳስ ቁማር ወይም ስለ ማቅጠኛ ክኒን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ ነው፤ በመካከሉ ያለ አንዳች ምክንያት «በናይሮቢ ምርጥ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት» የሚል ሐረግ ገብቶ ወደ ድረ ገጹ ይጠቁማል። ከላዩም ከታችም ለጥርስ ሐኪም፣ ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለምስጠራ ገንዘብ ተመሳሳይ ሐረጎች ተሰግስገዋል። ወይም ደግሞ ገጹ ቀድሞ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የነበረና የድረ ገጹ ስም ኪራይ ሳይታደስ ሲቀር ሌላ ሰው ገዝቶ ያስነሳው ይሆናል፤ የሞተ ሰው ማኅተም ይዞ ዋስ እንደመሆን ያለ ነው።

ይህ ሥራ ምን እንደሚያስከትል ለማየት ከአሜሪካው ጄሲ ፔኒ የተሻለ ምስክር የለም። በፌብሩዋሪ 2011 ኒው ዮርክ ታይምስ ይህ ትልቅ የገበያ ድርጅት ለቀሚስ፣ ለአልጋ ልብስና ለምንጣፍ ሳይቀር ጎግል ላይ አንደኛ ሆኖ የቆየው ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት በሌላቸው በሺህ የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ላይ በተተከሉ ሊንኮች መሆኑን አጋለጠ። ጎግል እርምጃ ሲወስድ ድርጅቱ በአንድ የሻንጣ ፍለጋ ከአንደኛ ወደ 71ኛ ወረደ፤ የፈጀው ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር። ጄሲ ፔኒ ጋዜጣ፣ ቴሌቪዥንና በየከተማው መደብር ስለነበረው ቆመ። በድረ ገጹ ብቻ ደንበኛ የሚጠብቅ አነስተኛ የካርጎ ድርጅት ግን ከዚያ ዓይነት ውድቀት የሚነሳበት ሌላ እግር የለውም።

በዓመቱ፣ በአፕሪል 24 ቀን 2012፣ ጎግል እንዲህ ያሉ ሊንኮችን ለመቅጣት ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ ለቀቀ፤ በእንግሊዝኛ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 3.1 በመቶ ያህሉን እንደሚነካ በወቅቱ ገልጾ ነበር። በ2016 ፔንግዊን የዋናው ሥርዓት አካል ሆነ። በዲሴምበር 2022 ደግሞ ጎግል ስፓምብሬን የተባለው ሥርዓቱ የተገዙ ሊንኮችን እየለየ ዋጋ ቢስ ማድረግ መጀመሩን አስታወቀ። በማርች 2024 ስማቸው የተገዛ የሞቱ ድረ ገጾችና በገፍ የሚመረት ጽሑፍ በግልጽ በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ዋናው ለውጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ቀድሞ የተገዛ ሊንክ ያስቀጣ ነበር። አሁን በብዙ ሁኔታ ዝም ብሎ አይቆጠርም፤ ከፋዩ ማስጠንቀቂያም አይደርሰውም፣ ውጤትም አያይም፣ ሻጩም «ጊዜ ይፈልጋል» እያለ ተጨማሪ ያስከፍላል። ቅጣት ቢያንስ ሰውን ያነቃል፤ በዝምታ የሚበላ ገንዘብ ግን ለዓመታት ይበላል። ማስታወቂያ መግዛት አልተከለከለም፤ ተከፍሎበት የተቀመጠ ሊንክ የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይኑርበት ነው የጎግል ደንብ የሚለው። ያ ምልክት ያለበት ሊንክ ደንበኛ ሊያመጣ ይችላል፣ ዋስ ግን አይሆንም።

እዚህ ላይ ናይሮቢን የሚመለከት አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ከተማዋ በእንግሊዝኛ ለውጭ ድረ ገጾች ጽሑፍ በመጻፍ የሚተዳደሩ ብዙ ወጣቶች አሏት። የኬንያ መንግሥት ራሱ ከ2016 ጀምሮ አጂራ ዲጂታል በተባለው ፕሮግራም ወጣቶችን ለኦንላይን ሥራ ሲያሠለጥን ቆይቷል። ስለ አሜሪካ ጠበቆችና ስለ እንግሊዝ ፍራሾች በጥቂት ሳንቲም የሚጻፈው ጽሑፍ ጥቂቱ የሚወጣው ከዚችው ከተማ ነው። ኢስትሊ ውስጥ ሱቅ ላለው ሰው በሱ ጉዳይ ላይ አንድ ጥሩ ገጽ የሚጽፍለት ባለሙያ ከጁጃ ሮድ ማዶ ሊገኝ ይችላል፤ የሁለቱን መገናኘት የሚያህል ትርፍ ደግሞ ከየትኛውም የሊንክ ጥቅል አይገኝም።

ታዲያ እውነተኛ ሊንክ እንዴት ይገኛል? ናይሮቢ ለዚህ የራሷ ምሳሌ አላት። ከ2007 ምርጫ በኋላ ብጥብጥ ሲነሳ በጃንዋሪ 2008 ኦሪ ኦኮሎ፣ ኤሪክ ኸርስማን፣ ጁሊያና ሮቲችና ዴቪድ ኮቢያ ኡሻሂዲ የተባለውን ድረ ገጽ ሠሩ። ሰዎች ያዩትን ጥቃት በስልክና በኢሜይል ሪፖርት ያደርጉ ነበር፤ ገጹ በካርታ ላይ ያሳየው ነበር። ሌላ ማንም ያልሠራው ሥራ ስለሆነ ጋዜጠኞች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ከዓለም ዙሪያ ጠቀሱት። ሊንኩ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው፤ ሰው ሊጠቅሰው የሚገደድበትን ነገር ስለያዘ።

ኢስትሊ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ምንድን ነው? ለእኔ የመጀመሪያው ጉድዊል ነው። በሰፈሩ የገበያ ሕንፃዎች ሱቅ የሚከራይ ሰው ከወር ኪራዩ በተጨማሪ ጉድዊል የሚባል ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል። ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ይህን የሚሰማው ገንዘቡን ቆጥሮ ከመጣ በኋላ ነው። ገንዘቡ ለማን ይከፈላል? ሱቁን ለሌላ ሲያስተላልፍ መልሶ ያገኘዋል? ውሉ ውስጥ ይጻፋል ወይስ በቃል ያልፋል? ሕንፃው ቢሸጥ ምን ይሆናል? ይህን ሁሉ በአማርኛ በጥንቃቄ የጻፈ ደላላ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ገጹን ማንም ሳይከፈለው ይጠቅስለታል። ጠበቃ ለደንበኛው ይልከዋል፣ የማኅበረሰብ ማኅበር በገጹ ላይ ያኖረዋል፣ ስለ ስደተኞች ኑሮ የሚጽፍ ተማሪ በግርጌ ማስታወሻው ይጠቅሰዋል፣ ጋዜጠኛም ሲጽፍ ይጠቁመዋል። ካርጎ ለሚሠራው ደግሞ የሞያሌ መስመር አለ። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ለብሶ፣ በዲሴምበር 2020 ደግሞ በሞያሌ የጋራ የድንበር ፍተሻ ጣቢያ ተመርቆ ሲያበቃ፣ ዕቃ ለማሳለፍ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ በየጊዜው እየታደሰ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚነግር ገጽ ትልቅ ሀብት ነው። ነጋዴው ይህን ዕውቀት በቃሉ ያውቀዋል፤ በየቀኑ ለሚደውልለት ሁሉ በነፃ ይናገረዋል። አንዴ ጽፎ ቢያስቀምጠው ግን ለዓመታት ይመሰክርለታል።

ሌላው ቀድሞ ያለውን ዝምድና ወደ ጽሑፍ መለወጥ ነው። ከዱባይ ወይም ከጓንጁ ዕቃ የሚልክለት አቅራቢ «የምሥራቅ አፍሪካ አከፋፋዮቻችን» የሚል ገጽ ካለው ስሙን እንዲያስገባ መጠየቅ ነውር የለውም። ምግብ ባቀረበበት ሠርግ ላይ ፎቶ ያነሳው ባለሙያ፣ በየዓመቱ የሚረዳው የእግር ኳስ ቡድን፣ ሰንበቴውና እድሩ፣ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሁሉም ድረ ገጽ ያላቸው ከሆነ የሚያውቁትን ሰው በስሙ ለመጥቀስ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። በአካባቢ ፍለጋ ላይ ጎግል ራሱ ሦስት መመዘኛዎችን ይዘረዝራል፤ ከፍለጋው ጋር ያለ ተዛማጅነት፣ ርቀትና ታዋቂነት። ታዋቂነቱ የሚለካው ስንት ድረ ገጽ ወደ ንግዱ እንደሚጠቁምና ስንት ግምገማ እንዳለው ጭምር እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ ከላይ ያየናቸው ሦስት ሴቶች ቃላቸውን ጎግል ካርታ ላይ ሦስት መስመር አድርገው ቢጽፉት ለልብስ ሰፊዋ ከሃምሳ የተገዛ ሊንክ ይበልጥ ይጠቅማት ነበር። ይህን ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም። «የኔ እህት፣ በውስጥ ያልሽውን እስቲ ካርታው ላይም ጻፊልኝ» ማለት ነው።

ይሁንና ይህን ምክር ለኢስትሊ ነጋዴ ሁሉ እንዲሁ መስጠት ተገቢ አይሆንም። ዞን ዘጠኞች አዲስ አበባ ላይ በታሰሩበት በዚያው በአፕሪል 2014 የኬንያ መንግሥት ኡሳላማ ዋች በተባለው ዘመቻ ኢስትሊን ቤት ለቤት ፈተሸ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘው ብዙዎቹ በካሳራኒ ስታዲየም ታጉረው ወረቀታቸው ተመረመረ። ሶማሌዎች ይበልጥ ተጎዱ፤ ኢትዮጵያውያንም አልቀሩም። ያንን ወር ያየ ሰው ስሙን፣ ፎቶውንና የሱቁን አድራሻ በአደባባይ ለመለጠፍ ለምን እንደሚያመነታ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቤተሰቡን የሚያስብም አለ፤ የስደተኛ ወረቀቱ ጉዳይ ያልተቋጨም አለ። «በውስጥ አናግረኝ» የሚለው ልማድ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ በፍርሃት የተማርነው ጥንቃቄ ነው። ድረ ገጽ ለመሥራት የሚመጣ ባለሙያ ይህን ሳይጠይቅ ሁሉን ነገር አደባባይ ላይ ካወጣ ደንበኛውን ይጎዳል።

ለነዚህ ሰዎች መንገዱ በማኅበር መታየት ይመስለኛል። የአንድ ሕንፃ ነጋዴዎች ወይም የአንድ ሙያ ሰዎች በጋራ አንድ ድረ ገጽ ቢከፍቱ በገጹ ላይ የሱቁ ስም፣ ፎቅና ቁጥር፣ የሚሠራው ሥራ ይገኛል፤ የባለቤቱ ስምና ፊት ግን አይወጣም። ጋዜጣም፣ አቅራቢም፣ ተማሪም ሊንክ የሚያደርገው ወደ ማኅበሩ ገጽ ነው፤ የተሰበሰበው ክብደት ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ሱቅ ገጽ ይካፈላል። በፔጅራንክ ሒሳብ እንኳ አሥር ደካማ ገጾች ተበታትነው ከሚለምኑት ሊንክ አንድ የተመሰከረለት ገጽ ለአሥሩ የሚያካፍለው ሊበልጥ ይችላል።

ጊዜውም ያጣድፋል። ጎግል በሜይ 2024 አሜሪካ ላይ የጀመረውንና በኦክቶበር ከ100 በላይ አገሮች ያደረሰውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጻፍ መልስ ከውጤቶቹ ሁሉ በላይ እያኖረ ነው። ፈላጊው ብዙ ጊዜ ያንን መልስ አንብቦ ያቆማል። መልሱ ደግሞ የሚቀዳው በግልጽ ድር ላይ ተጽፎ ከተገኘውና ሌሎች ከጠቀሱት ነገር ነው። ስለ ኢስትሊ በእንግሊዝኛ በብዛት የተጻፈው የፖሊስ ዘመቻ፣ የፈንጂ ጥቃትና የኮንትሮባንድ ዜና ነው። ዕቃ እንዴት በታማኝነት እንደሚሸጥ፣ ጉድዊሉ እንዴት እንደሚከፈል፣ ቀሚሱን ማን አሳምሮ እንደሚሰፋ የሚያውቁት ሰዎች በግሩፕ ውስጥ ብቻ ሲነጋገሩ ከቆዩ፣ ስለ ሰፈሩ ለሚጠይቅ ሁሉ የሚመልሰው ማሽን ከዚያ የፖሊስ ዜና በስተቀር የሚቀዳበት አይኖረውም።